የምስጋና መልእክት ከሽምብጥ

የአባታችን የአርባ ቀን ተዝካር ባለፈው ቅዳሜ ወጣ። እስካሁን ሳልጽፍ የቆየሁት እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። ሕመማቸውንም አሟሟታቸውንም ስለምታውቁት አልመለስበትም።

በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ያስታመማችሁልን ሐኪሞችና ነርሶች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በተለይ ራጅ ክፍል ያላችሁ ልጆች! አባባ የደረታቸውን ፊልም ወደ መስኮቱ አንሥተው «አለፈ ወይስ ይቆረጣል?» ሲሏችሁ ግራ ገብቷችሁ ነበር፤ እኔም አልገባኝም። ለካ የነዳጅ ቱቦ ብየዳም እንደ ሰው ደረት ራጅ ይነሣል፤ ውስጡ ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ከተገኘበት ተቆርጦ እንደገና ይበየዳል። ይህን የሰማሁት ከአባባ አይደለም፤ ከጋሼ ነው።

ጋሼ «ስሜን እንዳትጽፊ» ስላሉኝ አልጽፍም። ከጎንደር መጥተው ሦስት ቀን ድንኳን ያደሩት ባለ ከዘራው ሽማግሌ ካልኩ ግን የማያውቃቸው የለም። በ1970 ካራማራ ላይ ከአባባ ጋር በአንድ የጥገና ክፍል ታንክ ሲበይዱ ነበር። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተንም አብረው ከከረን ወደ ሱዳን፣ ከሰላ ተሻገሩ። ቻይናዎቹ ከሱዳኑ የነዳጅ ቦታ ከሄግሊግ እስከ ቀይ ባሕር 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ የነዳጅ ቱቦ ሲዘረጉ ሁለቱም በያጅ ሆነው ገቡ። እኛ ልጆቻቸው የምናውቀው በየበዓሉ የሚላከውን ገንዘብና ከስልኩ ማዶ «ደህና ናችሁ?» የሚለውን ድምፅ ነበር። ተመልሰው መጥተውም ወሬ አልወጣቸውም። ጋሼ፣ አባቴን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።

ቀን ቀን ብረቱ በእጅ እንደማይነካ፣ አባባ ጭምብላቸውን ሲያወልቁ ላባቸው አሸዋው ላይ እንደሚንጠባጠብ ነገሩን። በ1991 ነሐሴ የመጀመሪያው ጭነት በመርከብ ሲወጣ ሁለቱም በሬዲዮ ሰምተው አለቀሱ፤ «የሰው አገር ዘይት ምን አስለቀሰን?» ብለው ደግሞ ሳቁ።

ቱቦው ካለቀም በኋላ አባባ ለጥገና እዚያው ቀሩ። ድፍድፍ ነዳጁ ሰም የበዛበት ስለሆነ ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤ ይረጋል አሉ። ስለዚህ በቱቦው ሆድ ውስጥ የተጋገረውን ሰም እየፋቀ የሚሄድ መሣሪያ ይለቀቃል። ፈረንጆቹ «ፒግ» ይሉታል፣ አሳማ ማለት ነው። አባባ አንድ ሌሊት ደውለው «አሳማ ለቀን እስኪደርስ እየጠበቅን ነው» ሲሏት እማማ ስልኩን ዘግታ፣ ሲነጋ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እማማም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ከሞታቸው ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ለዚች ሳቅ ምን ልክፈል?

በ2015 ካርቱም ስትታመስ በመተማ በኩል ያወጧቸውም ጋሼ ናቸው። የራሳቸውን ሻንጣ መንገድ ላይ ጥለው የአባባን መድኃኒት ተሸክመው መጡ። ይህን ራሳቸው አልነገሩኝም፤ አባባ ነበሩ ሊያርፉ ሰሞን በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገሩኝ።

የሽምብጥ እድርተኞች፣ ካህናት አባቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከውጭ የደወላችሁ ዘመዶች፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልን። አስከሬኑን ይዘን ወደ ዘጌ ስንሻገር «ከለቅሶ ላይ ገንዘብ አንቀበልም» ያላችሁን የጀልባ ነጂዎች፣ ብድራችሁን በደስታ ያድርገው። የዘጌ ዘመዶቻችን፣ የላካችሁት ቡና እስከ አርባው አደረሰን።

ስማችሁን ያልጠራኋችሁ ይቅር በሉኝ። በዚያ ሰሞን ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ አላውቅም ነበር። ሁለት ብረት ድስትና አንድ ሰማያዊ ጀሪካን እኛ ጋ ቀርተዋል፤ የእኔ ናቸው የምትሉ ኑ ውሰዱ።

ጋሼ፣ ከዘራዎም እኛ ጋ ነው። የአባባ ጭምብል ከተሰቀለበት ሥር አቁሜዋለሁ። መንገዱ ሲደላ ራስዎ መጥተው ይውሰዱት፤ በሰው አልልክም።

የሟች የመጀመሪያ ልጅ፣ ባሕር ዳር