ከሰሉ ድንኳን ውስጥ አይግባ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአውሮፓ ለምንኖር ወገኖች ስለ በጋ መዝናኛ በቅርቡ ባወጣችሁት ጽሑፍ በፈረንሳይ ሌማን ከተማ የሚካሄደውን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ከነካምፒንጉ ማንሳታችሁ በጣም አስደስቶኛል። በስፖርት ገጻችን ከእግር ኳስና ከሩጫ ሌላ ብዙም አናነብም። «ትኬትና ድንኳን ከያዛችሁ በቂ ነው» የሚለው ምክር ግን መታረም አለበት። በተለይ ልጆች ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቤተሰብ በቂ አይደለም። ከጎደሉት ነገሮች አንዱ ደግሞ ሕይወት የሚያሳጣ ነው።

ውድድሩ በሰኔ ወር ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ይጀመርና እሑድ በዚያው ሰዓት ያበቃል። እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ የኖረ ነው። የአንዱ ዙር ርዝመት 13.626 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ሰፊው ክፍል በአዘቦት ቀን የአገሬው መኪና የሚመላለስበት መንገድ ነው። ባለፉት ዓመታት 62 መኪኖች ሲሰለፉ አይተናል፤ እያንዳንዱን ሦስት ሾፌሮች እየተፈራረቁ ይነዱታል። ተመልካቹ ከ300 ሺህ በላይ ስለሆነ በአካባቢው ሆቴል ማግኘት ዘበት ነው፤ ድንኳን የሚተከለውም ለዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሆቴል ቢገኝም እኔ ድንኳኑን እመርጣለሁ። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ መኪኖቹ ከረጅሙ የሙልሳን ቀጥታ መንገድ ማብቂያ ላይ ፍሬን ሲይዙ፣ የጎማው ውስጥ ዲስክ እንደ ፍም ቀልቶ ይታያል። ይህንን በቴሌቪዥን ማየትና አጥሩ ሥር ቆሞ ማየት ፈጽሞ አይገናኙም።

ጽሑፋችሁ ያልጠቀሰው አንድ ነገር የመግቢያ ትኬትና የድንኳን ቦታ የሚሸጡት ለየብቻ መሆኑን ነው። መግቢያውን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው የሚያድርበት የለውም። ዋና ዋናዎቹ ቦታዎች ቀድመው ስለሚያልቁ የአውሮፓው ክረምት ሳያልፍ ማሰብ ይሻላል። መኪና ለሌለው ከፓሪስ ሞንፓርናስ ጣቢያ ፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከሌማን ጣቢያ ደግሞ ትራሙ እስከ ውድድሩ ሰፈር ድረስ ያደርሰዋል።

የጆሮው ጉዳይ የበለጠ ያሳስበኛል። 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) የሚደርስ ድምፅ በቀን 8 ሰዓት ከተሰማ ጆሮ መጎዳት ይጀምራል፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጆሮ የሚችለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። አጥሩ ሥር ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ የልጁን ጆሮ በመዳፉ ሸፍኖ የሚቆም አባት ብዙ ጊዜ አያለሁ። መዳፍ አይበቃም። ለትንንሽ ልጆች ሙሉውን ጆሮ የሚሸፍነው መከላከያ ከቤት መያዝ አለበት፤ ድንኳኑም ከመንገዱ ራቅ ቢል ሌሊቱን መተኛት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የሰኔ ቀን ቢሞቅም ሌሊቱ ይበርዳል፤ ዝናብም አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሌሊቱን በጣለው ዝናብ ምክንያት መኪኖቹ ከ4 ሰዓት በላይ አደጋ ሲያሰጋ ከፊት እየመራ ፍጥነት ከሚያስቀንሰው የደኅንነት መኪና ኋላ ተሰልፈው ቀስ ብለው ሲዞሩ ነበር። እንዲህ ባለ ሌሊት የእኛ ሰው የሚያደርገውን አውቃለሁ። አንድ ምሽት ከእኛ ድንኳን አጠገብ የሰፈሩ አንዲት እናት ውጭ ቡና አፍልተው ካበቁ በኋላ ማንደጃውን ከነፍሙ አንሥተው ሕፃናቱ ወደተኙበት ሲያስገቡ ደረስኩ። «እማማ፣ እባክዎ አያስገቡት» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ጭሱ እኮ አልቋል፤ ፍም ብቻ ነው» አሉኝ።

ሰው የሚሞተው በዚህ እምነት ነው። የሚገድለው ጭሱ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ፍሙ ጥርት ብሎ የቀላ ጊዜም ይወጣል፤ አመድ ለብሶ የጠፋ ሲመስልም መውጣቱን አያቆምም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የነቃ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ የተኛ ሰው ግን ምንም ሳይሰማው ያልፋል። ድንኳን ጠባብ ነው፤ ዚፑን ትንሽ ከፍቶ መተው አያድንም። የጋዝ ምድጃም ያው ነው። አገር ቤት በየዓመቱ በከሰል ታፍነው የሞቱ ቤተሰቦችን ዜና እየሰማን ያደግን ሰዎች ይህንን አደጋ እዚህም ይዘነው መምጣት የለብንም።

እማማ ሲገባቸው ማንደጃውን ራሳቸው መልሰው አወጡት፤ ውኃም አፈሰሱበት። ሕፃናቱን ያሞቅናቸው ከሥራቸው ተጨማሪ ፍራሽ በማንጠፍ ነው። ጋቢ ከላይ ደኅና ያሞቃል፤ ድንኳን ውስጥ ግን ብርዱ የሚመጣው ከመሬቱ ነው። ወፍራም ምንጣፍ፣ ለሌሊት ብርድ የተሠራ የመኝታ ከረጢትና ደረቅ ካልሲ ከማንደጃ ይበልጣሉ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም መግዛት ይቻላል። ድንኳን ውስጥ ራሱን ያመመው ሰው ካለ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጥቶ 112 መደወል ነው።

ቡናው አይቅር። ጀበናውም፣ ዕጣኑም ይምጣ፤ የሰፈሩን የእሳት ደንብ ጠይቆ፣ ሜዳ ላይ፣ ከድንኳን ርቆ ይፈላ። ለዝግጅት ክፍሉ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ የመዝናኛ ጽሑፉን በድጋሚ ስታወጡ ስለ ከሰሉ የጻፍኩትን ከላይ አስቀድሙት፤ የሚወጣውም ቤተሰቦች ዕቃ ከመጫናቸው በፊት፣ በግንቦት ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከፓሪስ