ግማሽና አንድ ሦስተኛ

ባሕር ዳር
ጥር 2018 ዓ.ም.

ውዷ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጥምቀትም በሰላም አለፈ።

ይሄ የጻፍኩልሽ የመጀመሪያ ደብዳቤ አይደለም። የሚደርስሽ ግን የመጀመሪያው ነው። ሌሎቹን ቀድጃቸዋለሁ።

ከተጠፋፋን አራት ዓመት ሊሞላ ነው። ተጠፋፋን ማለቴም ልክ አይደለም፤ የጠፋሁት እኔ ነኝ። እናትሽ፣ እማማ፣ ሲያርፉ አልመጣሁም። ከዚህ ደብረ ታቦር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወረታ ላይ መታጠፍ ብቻ ነበር። ያን ሳምንት የመመረቂያ ጽሑፌን የማቀርብበት ነበር። ለሠልስቱ እደርሳለሁ አልኩ። ከዚያ ለአርባው አልኩ። ከአርባው በኋላ እፍረቱ መጣ። ስልኬ ላይ ስምሽን አውጥቼ አየዋለሁ፤ መልሼ እዘጋዋለሁ። እናትሽን አፈር ያላለበሰ ሰው "ሄሎ፣ እንዴት ነሽ?" ብሎ ይደውላል? አቃተኝ። ይቅርታ ለማለት እንኳ ፊት አጣሁ። አሁን ግን እልሻለሁ። ይቅር በይኝ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጀመርኩት አርባቸው ባለፈ በሳምንቱ ነው። የናይጄሪያዋ የሒሳብ ምሁር ግሬስ አሌሌ ዊሊያምስ ያረፈች ሰሞን። መጋቢት 16 ቀን 2014 ነው ያረፈችው፣ በ89 ዓመቷ። ዜናውን ሳይ የመጣሽብኝ አንቺ ነሽ። ወረቀት አውጥቼ "ግሬሳችን አረፈች" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ መቀጠል አልቻልኩም። ለእማማ ያልመጣሁ ሰው፣ አይቻት ለማላውቅ ናይጄሪያዊት ፕሮፌሰር ላልቅስልሽ? ቀደድኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ግን አንድ ነገር ሆነ። እሱን ሳልነግርሽ ማደር አልቻልኩም። እደርስበታለሁ።

ፎቶዋን ታስታውሺዋለሽ አይደል? ሎከርሽ በር ላይ በፕላስተር የለጠፍነውን። መምህራችን ያመጣልን ፎቶኮፒ ነበር፤ የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ። ፊቷ ከመጥቆሩ የተነሳ ግንባሯና ዓይኗ ብቻ ነው የሚለየው። ከሥሩ የተወለደችበትን፣ በፈረንጆቹ፣ በእስክሪብቶ "1932፣ ዋሪ፣ ናይጄሪያ" ብለሽ ጻፍሽበት። ክፍላችን ውስጥ አምስት ሴቶች ገብተን ሁለት የቀረንበት ዓመት ነበር። መብራት ሲጠፋ በሻማ ካልኩለስ እየሠራን ቀና ስንል እሷን ነበር የምናየው። አንቱ ልንላት ሲገባን "እሷ" እያልን ለመድን፣ እንደ ዶርማችን ልጅ። ዛሬም አንቱ ልላት ብሞክር አፌ እምቢ አለኝ።

ያኔ ስታርፍ ያነበብኩት ዜና ሁሉ አንድ ቃል ነው የሚደጋግመው። "የመጀመሪያዋ"። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ልጻፍልሽ። ከናይጄሪያ ሴቶች ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ፣ በ1963 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ። የናይጄሪያን ዩኒቨርሲቲ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት፣ ቤኒን ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1985 እስከ 1991። እነሱ ምክትል ቻንስለር የሚሉት እኛ ፕሬዚዳንት የምንለውን ነው። ትልቅ ነገር ነው፤ እኛም በሱ ነው የወደድናት። አሁን ሳስበው ግን ያ ቃል አይበቃኝም። ሰው የመጀመሪያ ሆኖ ዝም ብሎ ማለፍ ይችላል። እሷ ዞራ አየች።

ራሷ ከክፍል ነው የተነሳችው። ከ1954 እስከ 1957 ኢዴ በምትባል ከተማ የሴቶች ትምህርት ቤት አስተምራለች። ከዚያ ነው አሜሪካ፣ መጀመሪያ ቨርሞንት ቀጥሎ ቺካጎ የሄደችው። ተመልሳ በ1965 ሌጎስ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ሃያ ዓመት እዚያ ሠራች። በ1974 ፕሮፌሰር ሆነች፣ በሒሳብ ትምህርት። የትምህርት ኢንስቲትዩቱን ስትመራ ደግሞ ዜናዎቹ በግማሽ መስመር ያለፉትን ሥራ ሠራች። በዕድሜ ገፋ ላሉ የአንደኛ ደረጃ ሴት መምህራን የሰርተፊኬት ፕሮግራም ከፈተች። ዲግሪ ሳይሆን፣ ለእነሱ የሚሆን ትምህርት። ዕድሜያቸውን በሙሉ አስተምረው ወረቀት ስለሌላቸው ብቻ ከታች ለቀሩ ሴቶች። እስቲ አስቢው። ከቺካጎ የመጣች ሴት በትልልቅ ስብሰባ ብቻ መኖር ትችል ነበር።

ቤኒን ላይ የገጠማትንም ታውቂዋለሽ። ግቢው ውስጥ በምሥጢር የተደራጁ የተማሪ ቡድኖች ነበሩ፤ ሰው ያስፈራሩ፣ ይደበድቡ ነበር። ፊት ለፊት ገጠመቻቸው። አንቺ ሁሌ የምታወሪው ይሄን ነበር። እኔ ግን ልቤ ሌጎስ ነው ያለው።

አንድ ሌላ ነገር። የኢንቴቤ ሒሳብ የሚባለው ትዝ ይልሻል? በስድሳዎቹ፣ ኡጋንዳ ላይ የአፍሪካ ሒሳብ ሰዎች ተሰብስበው አዲስ መማሪያ የጻፉበት። ኢትዮጵያም አለችበት። ግሬስም በዚያ ሥራ ውስጥ ዓመታት አሳልፋለች። ውሎ አድሮ ናይጄሪያ ራሷ ያንን "አዲሱ ሒሳብ" ተወችው። ወላጁም መምህሩም ግራ ገብቶት ነበር። መጽሐፎቹን አይቼያቸዋለሁ። አንድ ነገራቸውን ግን እወድላቸዋለሁ። ልጁ ሕጉን ከመሸምደዱ በፊት "ለምን?" እንዲል ይፈልጋሉ።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልምጣልሽ።

የዩኒቨርሲቲ ግቢያችንን ፔዳ እያልን ስንኖር ስሙ ከየት እንደመጣ ጠይቀን አናውቅም። በፈረንጆቹ 1972 ሲቋቋም የፔዳጎጂ፣ ማለትም የማስተማር ሙያ፣ አካዳሚ ነበር። መንግሥት ከዩኔስኮና ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር ተስማምቶ ነው ያቋቋመው። ያሠለጥን የነበረውም ለገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሆኑ ባለሙያዎችን ነው። ከፖሊ ቴክኒኩ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ኋላ ነው። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ግቢው ሌላ ሆነብኝ። እኔና ሁለት ባልደረቦቼ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የአንደኛ ደረጃ ሴት መምህራንን ሒሳብ እናስተምራለን። ክፍያ የለውም፤ ወረቀትም ገና የለውም። አሥራ አንድ ናቸው። ሁለቱ ከዘጌ በጀልባ ነው የሚመጡት። ሐሳቡን ከማን እንደወሰድኩት ላንቺ መንገር አያስፈልገኝም።

ከዘጌ ከሚመጡት አንዷ ሃምሳን ተሻግረዋል። ሃያ ስድስት ዓመት አስተምረዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ነው የሚቀመጡት። ባለፈው ቅዳሜ እጃቸውን አወጡ።

"የኔ ልጅ፣ ነውር አይሁንብኝና ልጠይቅሽ። ግማሽና አንድ ሦስተኛ ሲደመር ለምን ሁለት አምስተኛ አይሆንም? ልጆቹ ሁሌ እንደዚያ ነው የሚሠሩት። ላዕሉን ከላዕሉ፣ ታሕቱን ከታሕቱ ይደምሩታል። እኔ ኤክስ አደርግባቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቀውም።"

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሕጉን ልጽፍ ቾክ አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ለቡናው የመጣ ድፎ ዳቦ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አደረግኩና ቢላዋውን ለሳቸው ሰጠኋቸው። እኩል ለሁለት ቆረጡት። "ሁለት አምስተኛ ከዚህ ከግማሹ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?" አልኳቸው። ድፎውን ከላይ ሆነው በዓይናቸው ከአምስት ከፈሉት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

"ያንሳል" አሉ። ከዚያ ቢላዋውን እንደያዙ ቆሙ። "እንዴ! ግማሽ ላይ ጨምሬ እንዴት ከግማሽ ያንሳል?"

ከዚያ በኋላ ማንም አልነገራቸውም። አንዱን ግማሽ ከሦስት ቆረጡት። ሌላውንም ከሦስት። ስድስት ቁራሽ ሆነ። ሦስቱን ወደ ግራ አደረጉ፤ ያ ግማሹ ነው። ከቀሩት ሁለቱን አንስተው ጨመሩ፤ ያ አንድ ሦስተኛው ነው። አምስቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና ስድስተኛዋን በእጃቸው ያዙ። "አምስት ስድስተኛ። ይቺ ናት የቀረችው" አሉ። ያቺን ቁራሽ አልበሏትም። በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። ሰኞ ለልጆቹ ሊያሳዩ።

ያኔ ነው እማማ ፊቴ ላይ ድቅን ያሉት።

አንድ ሰኔ መጨረሻ ነበር፤ እኛ ገና ግቢ ሳንለቅ። ለክረምት የመምህርነት ዲፕሎማቸው ሊመዘገቡ መጥተው ዶርም ገቡልን። በፌስታል ቆሎ ይዘው። አንቺ ውጭ ልብስ ታጥቢ ነበር። አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ደብተር አወጡ። "የኔ ልጅ፣ ይቺን የክፍልፋይ ነገር አስረጂኝ" አሉኝ። ቁጥሮቹ ትዝ አይሉኝም። ክፍልፋይ መደመር እንደነበር ግን አልረሳውም። የጋራ ታሕት ይፈልጉ፣ ያባዙ፣ ይደምሩ አልኳቸው። እየቸኮልኩ። "ለምን?" አሉኝ። "ሕጉ ነው እማማ" አልኳቸው። "እሺ የኔ ልጅ" አሉ። በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው እንዳልኳቸው ጻፉት። ደብተሩን ዘግተው ቆሎውን ዘገኑልኝ።

ግሬስ ሎከርሽ ላይ ነበረች። ከሁለት ክንድ አትርቅም። የወደድናት ሴት በሌጎስ ዓመታት የደከመችው እንደ እማማ ላሉት ነበር፤ እኔ ያን ቀን አላየሁትም። "የመጀመሪያዋ" የሚለው ጋርዶብኝ ነበር። ለለቅሶው ያልመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱን ሳላያይዝ መተኛት ካቃተኝ ሳምንት ሆነኝ።

ይሄን የምጽፍልሽ ሐይቁ ዳር፣ ድሮ የምንቀመጥበት ዋርካ ሥር ሆኜ ነው። እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ከዘጌ እየገቡ ነው። አንዱ ቀዛፊ ታንኳው ውኃ ጠጥቶበት ደንገሉን ፀሐይ ላይ ሊያደርቀው እየጎተተ ነው።

የእማማ ሙት ዓመት የካቲት ውስጥ ነው። ቀኑን አልረሳሁትም። መንገዱን ሰላም ያድርግልን እንጂ እመጣለሁ። አዲሱን የዓባይ ድልድይ አንቺ አላየሽውም፤ 380 ሜትር ነው። በእግሬ ስሻገረው ሁሌ ያ መንገድ ወዳንቺ እንደሚወስድ አስባለሁ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ አንቺ ትመጫለሽ። የኛዎቹ መምህራን እንዳንቺ ቀስ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

የእማማ ደብተሮች ካሉ አደራ፣ እንዳይጣሉ። ያቺን ገጽ ባገኛት ደስ ይለኛል። ለሙት ዓመቱ ድፎ አንቺ እንዳትደፊ። እኔ ደፍቼ ይዤ እመጣለሁ።

ያንቺዋ፣
የታችኛው አልጋ ጎረቤትሽ