በሐረር ስም ሌላ ቡና አትሽጡልን

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ! ዛሬ የምጽፍልዎ በሰው ስም ስለሚነግዱ ሰዎች ነው።

እንግሊዞች «ፓሲንግ ኦፍ» የሚሉት የሕግ ቃል አላቸው። የራስን ዕቃ የሌላ ሰው አስመስሎ መሸጥ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ለንደን ውስጥ ሁለት ነጋዴዎች በአንድ የፀጉር ቅባት ስም ተካሰሱ። ዳኛው ሎርድ ላንግዴል፣ ማንም ሰው ዕቃውን የሌላ ሰው ነው እያለ መሸጥ አይችልም አሉ፤ ዛሬም ድረስ የሚጠቀሰው ይኼ ቃላቸው ነው። ከሳሹ ግን አልረታም፤ ለምን ቢባል እሱ ራሱ ስለ ቅባቱ አመጣጥ ለገዢ ይዋሽ ነበር። ይኼ ፍርድ ደስ ይለኛል። ስሜ ተነካ የሚል ሰው አስቀድሞ እጁ ንጹሕ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ በሎሚ ቅርጽ ስለተሠራ የጭማቂ ዕቃ በተነሣ ክርክር፣ ከሳሽ ሦስት ነገር ማስረዳት እንዳለበት ተቀመጠ፦ ዕቃው ስም ያተረፈ መሆኑን፣ ተከሳሹ ገዢ ማሳሳቱን፣ በዚህም ጉዳት መድረሱን።

ወደኛው ልምጣ። እዚህ ድሬዳዋ ከዚራ ካለ ሱቅ «ንጹሕ የሐረር ቡና» ተብሎ የታሸገ ጥሬ ቡና ገዛሁ። ስፈታው አረንጓዴ፣ ጥርት ያለ የታጠበ ቡና ነው! የታወቀው የሐረር ቡና እኮ ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ ደርቆ የሚፈለፈል ነው። ጥሬው ወደ ቢጫ ያደላል። ሲቆላም መሐሉ ያለው ስንጥቅ ቡናማ ይሆናል፣ የታጠበው ግን ነጣ ብሎ ይቀራል። የአካባቢው ሰው ዓይቶ ይለያል፤ ለዘመድ ስጦታ ብሎ የሚሸምተው መንገደኛ ግን በምን ይወቅ?

ሦስቱም ነገሮች እዚህ አሉ። ስሙ አለ፣ ማሳሳቱ አለ፣ ጉዳቱም አለ፤ የሚጎዳው ደግሞ ሐረርጌ ጋራ ሙለታ ላይ ቡናውን ሲያደርቅና ሲያገላብጥ የሚውለው ገበሬ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ለማስመዝገብ አመልክታ፣ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ2007 ተስማምታለች። ባሕር ማዶ የተሟገትንለትን ስም እዚህ ሰፈራችን ውስጥ ማንም እንዳሻው ሲለጥፈው ዝም ማለት ያሳዝናል። ሕግ የለም እንዳይባል፣ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል።

የንግድ ቢሮ ተቆጣጣሪዎች ሱቆቹን ዞር ዞር ብለው ይፈትሹልን። ፓኬቱ ላይ ቡናው የበቀለበት ወረዳና የታጠበ ወይም ደረቅ መሆኑ ይጻፍ። እናንተም ጋዜጠኛ ልካችሁ ሻጮቹን ጠይቁልን።

አክባሪዎ፣
ከድሬዳዋ