ለአባቴ፦ ስለ ጉንፋንና ስለ አለርጂ መድኃኒቶች

ውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እሑድ በስልክ ስንነጋገር ድምፅዎ ታፍኖ ስለ ሰማሁ ሐሳብ ገብቶኛል፤ ከጉንፋኑ ይልቅ ግን ያሳሰበኝ ለእርሱ ብለው የሚወስዱት ኪኒን መብዛቱ ነው።

እህቴ የማሸጊያዎቹን ፎቶ ልካልኝ አንድ በአንድ አነበብኋቸው። ፓራሲታሞሉ ባለ 500 ሚሊግራም ስለ ሆነ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ሁለት ሁለት ሲውጡ በቀን 3 ግራም ይሞላል። ጎረቤታችን ከአሜሪካ አምጥተው የሰጡዎት ታይሌኖል ፒኤም ላይ የተጻፈው አሲታሚኖፌን ያው ፓራሲታሞል ነው፤ ከመኝታ በፊት የሚወስዷቸው ሁለቱ ፍሬዎች ሌላ 1 ግራም ይጨምራሉ። ከመድኃኒት ቤት የተገዛው የጉንፋን ኪኒንም ፓራሲታሞል አለበት። ለጤነኛ ጎልማሳ እንኳ የቀኑ ጣሪያ 4 ግራም ነው፤ ከዚያ ያለፈው ጉበትን ሊጎዳ ይችላል፣ ጉዳቱም ሲጀምር ላይታወቅ ይችላል። ስለዚህ ከሦስቱ ፓራሲታሞሉን ብቻ ይዘው ሌሎቹን ይተዉልኝ፤ እርሱንም ከ3 ግራም አያሳልፉ።

ሌሎቹን እንዲተዉ የምለምንዎት በፓራሲታሞሉ ምክንያት ብቻ አይደለም። በታይሌኖል ፒኤም ውስጥ እንቅልፍ የሚያመጣው ዳይፈንሃይድራሚን፣ በጉንፋኑ ኪኒን ውስጥ ያለው ክሎርፌኒራሚንም፣ የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች እንዳይሰጡ ከሚመክራቸው ናቸው፤ አእምሮን ያደናግራሉ፣ አፍ ያደርቃሉ፣ የሆድ ድርቀት ያመጣሉ፣ እንደ እርስዎ የፕሮስቴት ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ሽንት እስከ መከልከል ይደርሳሉ። ሌሊት ተነሥተው የግቢውን ደረጃ በጨለማ ሲወርዱ እግርዎ ቢከዳዎትስ? በዚያው ኪኒን ያለው ፌኒልኤፍሪን የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር እንዳይወስደው ማሸጊያው ራሱ ያስጠነቅቃል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አማካሪዎችም በ2023 በአፍ የሚወሰደው ፌኒልኤፍሪን የታፈነ አፍንጫ እንደማይከፍት በሙሉ ድምፅ ወስነዋል። ለማይጠቅም ነገር ግፊትዎን ማወክ አይገባም። የሕመም ማስታገሻዎቹ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ግፊት ስለሚጨምሩ ለራስ ምታት ብለው አይውሰዷቸው፤ የግፊት ኪኒንዎን አምሎዲፒንን ግን በጉንፋን ሰበብ እንዳያቋርጡ።

አፍንጫዎ ሲታፈን ንጹሕ የጨው ውኃ ጠብታ ይበቃል፤ አፍንጫ የሚከፍተውን የመድኃኒት ጠብታ ከተጠቀሙ ግን ከሦስት ቀን በላይ ሲሆን መልሶ ስለሚያፍን ያቁሙት። ለሳሉ ማር በሻይ ይጠጡ። በአውድማ ወራት ብናኝ ሲነሣ ለሚያስነጥስዎ አለርጂ ሎራታዲን 10 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ይሻላል፤ እንቅልፍ እምብዛም አያመጣም።

ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ካለፈ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ሽንት እምቢ ካለዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ። እህቴም ወደ መድኃኒት ቤት ስትሄድ የግፊትዎንና የፕሮስቴትዎን ኪኒኖች ይዛ ለባለሙያው እንድታሳይ ነግሬአታለሁ። ሐሙስ ማታ እደውላለሁ፤ የተረፉትን ኪኒኖች ያን ጊዜ አብረን እንለያቸዋለን።

አክባሪ ልጅዎ