ከወህኒ ቤቱ ግንብ በታች፦ ለከተማችን ከንቲባ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ ከንቲባ

ወህኒ ቤቱ ወደ ከተማው ዳር ከተዛወረ ወዲህ ቦታው ለሆቴል በሊዝ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ይናፈሳል። እኔ ግን የፍሳሽ ማጣሪያና የባዮጋዝ፣ ማለትም ከፍሳሽ የሚወጣ የማብሰያ ጋዝ፣ ማምረቻ እንዲሆን እጠይቃለሁ። ከመወሰንዎ በፊት አንድ ቀን፣ በተለይ ሐምሌ ላይ፣ በጀርባው ግንብ በኩል በእግርዎ እንዲወርዱ እለምንዎታለሁ።

የምኖረው ከግንቡ በታች ነው። ጎርፉ በላይ ሰፈር ያሉትን የሞሉ ሽንት ቤቶች ጠራርጎ በደጃችን ያልፋል፤ ልጆች ድንጋይ ደርድረው ይሻገሩታል። አምና የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ለማግኘት ሦስት ሳምንት ተመላልሻለሁ። ሲመጣም ሾፌሩን የት እንደሚደፋው ብጠይቀው በአገጩ ወንዙን አሳየኝ። ጎጃም ዓባይ የከበበው አገር ነው፤ የደፋነው ሁሉ እዚያው ይገባል።

ታዲያ ፍሳሹ ያለ ፓምፕ በራሱ ቁልቁለት የሚሰበሰብበት ይህን የመሰለ ሰፊ የመንግሥት ቦታ እያለ ለምን ይሸጣል? ፍሳሹ ከእበት ጋር አየር በማይገባበት ጉድጓድ ቢብላላ ከግማሽ በላዩ ሚቴን የተባለ ነዳጅ ጋዝ የሆነ ባዮጋዝ ይሰጣል፤ ውሃው በኩሬ በኩሬ ይጣራል፤ ለመብራቱ ደግሞ የእስረኞቹ ረጃጅም የቆርቆሮ ጣሪያዎች የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ይሸከማሉ። ሩዋንዳ በእስር ቤቶቿ ውስጥ ከእስረኞች ሽንት ቤት በሚወጣ ባዮጋዝ ምግብ ታበስላለች፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2005 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል።

ማጋነን ግን አልፈልግም። ጋዙን የሚሠሩት ተሕዋስያን የሚወዱት 35 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ነው፤ በደጋችን ብርድ ይለግማሉ። ጉድጓዱ በጥልቀት ካልተቀበረና ካልሰፋ ክረምት ላይ እሳቱ ይሞታል። ለእንጀራ ምጣድም ተራ የባዮጋዝ ምድጃ አይበቃም፤ ለሆስፒታሉ ወጥ ቤትና ለውሃ ማፍያ ግን ይሆናል።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ምረቃው ነው። ሪባን ተቆርጦ፣ ድንኳን ተነሥቶ፣ በስድስተኛው ወር ቧንቧው ሲደፈን ቁልፉን የያዘ ሰው የሚጠፋበትን ሥራ ብዙ አይተናል። ስለዚህ ከሲሚንቶው በፊት የሁለት ቋሚ ባለሙያዎች ደመወዝ በበጀት ይያዝ። ሽታውን ለሚፈሩ ጎረቤቶች መልሱን እኔ እሰጣለሁ፤ ከእኔ የቀረበ ጎረቤት የለም፤ አሁንም እያሸተትን ነው።

የፊት በሩ ግን አይፍረስ። እናቴ አጎቴ በታሰረበት ዓመት አገልግሏን ታቅፋ ተራ የጠበቀችው እዚያ ደፍ ላይ ነው።

የሊዝ ውሳኔው ከመፈረሙ በፊት ነዋሪውን ሰብስበው ያነጋግሩን። ቀኑን በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ቢለጥፉልን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር
የግንቡ ሥር ነዋሪ