ለስኳር ሕሙማን የሬቲና ካሜራ እንግዛ

ወዳጆች፣ የስኳር ሕሙማን ማኅበራችን የሬቲና ካሜራ፣ ማለትም ብርሃን ተቀባይ የሆነውን የዓይን ውስጠኛ የጀርባ ክፍል (ሬቲናን) ፎቶ የሚያነሳ መሣሪያ፣ ለመግዛት ገንዘብ እያሰባሰበ ነው። ምክንያታችንን ስሙን።

የዓይን ሞራ የሽማግሌ በሽታ ነው ሲባል ሰምተን አድገናል። እውነትም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ስኳር ያለበትን ሰው ግን ቀድሞ ይይዘዋል። ከ65 ዓመት በታች ያሉ የስኳር ሕሙማን ስኳር ከሌለባቸው እኩዮቻቸው ይልቅ በሞራ የመያዝ ዕድላቸው ከ3 እስከ 4 እጥፍ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ይጠባል፤ ያኔማ ሞራ ሁሉንም ያዳርሳል።

ደም ውስጥ የበዛው ስኳር ወደ ዓይን ሌንስም ይገባል። እዚያ ሶርቢቶል ወደሚባል ነገር ይለወጣል። ሶርቢቶል በቀላሉ አይወጣም፣ ውሃ ይስባል፤ ሌንሱም ውሎ አድሮ ይደፈርሳል።

ሞራው ራሱ መላ አለው። በቀዶ ሕክምና የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። (በጠብታ አጠፋላችኋለሁ የሚል ካጋጠማችሁ እለፉት።) እኛን የሚያስጨንቀን ከሞራው ጀርባ ያለው ነው። ስኳር ሬቲናንም ይጎዳል፤ ጉዳቱ ሲጀምር አያምም፣ እይታም ላይቀንስ ይችላል። ሞራው ከወፈረ ደግሞ ሐኪሙም ውስጡን አጥርቶ ማየት ይቸገራል። «እስኪበስል ጠብቅ» የሚለው የድሮ ምክር ለስኳር ሕመምተኛ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሰው በሽታው እንደታወቀ ዓይኑን መመርመር፣ ከዚያም በየዓመቱ መታየት ይኖርበታል። ብዙ አባሎቻችን ግን መነጽር ቀይረው ብቻ ይመለሳሉ። ስኳሩ ሳይረጋጋ የተለካ መነጽር ደግሞ ሲረጋጋ ላይሆን ይችላል።

ካሜራው አባሎቻችን ክትትል በሚያደርጉበት የስኳር ክሊኒክ ይቀመጣል። ሕመምተኛው ለስኳሩ በመጣበት ቀን ፎቶ ይነሳል፣ የዓይን ሐኪም ያየዋል። ፎቶው ደብዝዞ ከወጣም ዝም አይባልም። ሞራ ሊሆን ስለሚችል ሰውየው ወደ ሐኪም ይላካል። ከግዢው የሚተርፈው ገንዘብ ለቀዶ ሕክምና አቅም ላጠራቸው አባላት ይውላል።

የአቅማችሁን ስጡ። በአንዴ የሚከብዳችሁ በየወሩ ትንሽ ትንሽ አድርጉ፤ እንዲያውም ለጥገናው የሚበጀን እሱ ነው። ገንዘቡ የሚገባው በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ለማንም እጅ በእጅ አትስጡ፣ ደረሰኝም ሳትይዙ አትሂዱ። ያገለገለ፣ ግን የሚሠራ ካሜራ ያለው ክሊኒክ የምታውቁ ካላችሁም ጠቁሙን። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ካሜራው እስኪገዛ አትጠብቁ፤ ዓይናችሁን ከታያችሁ ዓመት ካለፋችሁ ዛሬውኑ ቀጠሮ ያዙ።