ፎቶ የተነሣ ወረቀት ለሁሉም አይነበብም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ዲጂታል ትምህርት የምታወጧቸውን ጽሑፎች ከልብ እከታተላለሁ። ቱሉ ዲምቱ በሚገኝ ትምህርት ቤት በማታው መርሐ ግብር አማርኛ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ መካከል የጥበቃ ሠራተኞች፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩ ወጣት ሴቶች፣ ከአቃቂ ፋብሪካዎች ፈረቃቸውን ጨርሰው የሚመጡ ሰዎችና አንድ ዓይነ ስውር ጎልማሳ ይገኛሉ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ የትምህርት ማስታወሻና መልመጃ የሚደርሳቸው በቴሌግራም ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ከመሰለፍ ስላዳነን ሐሳቡን አልነቅፍም። ሆኖም አብዛኛው ወረቀት በስልክ ካሜራ ተነሥቶ ፒዲኤፍ የተደረገ ምስል በመሆኑ፣ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበው የዓይነ ስውሩ ተማሪዬ ስልክ የፋይሉን ስም ካነበበለት በኋላ ዝም ይላል፤ ምስል ውስጥ ያለ ፊደል ለመሣሪያው ፊደል አይደለምና። በኮምፒውተር የተተየበውም ቢሆን ዩኒኮድ የተባለውን የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል ሥርዓት በማይከተል በድሮ የግእዝ ፎንት ከተጻፈ፣ ስልኩ የሚያነብለት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሆኖ ሳለ ዛሬም በዚህ መቸገራችን ያሳፍራል። ሌላው ተማሪዬ፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ባለ ቁልፍ ስልኩን አውጥቶ «መምህር፣ ቴሌግራሙ እዚህ ላይ በየት በኩል ነው የሚገባው?» ሲለኝ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን መልስ አልነበረኝም።

መሣሪያውን አስቀድሞ ተማሪውን መርሳት የቆየ ልማዳችን ነው። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ትምህርት ሲጀመር ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በእንግሊዝኛ በሳተላይት የሚተላለፈውን ትምህርት ገልብጠን ሳንጨርስ ገጹ ይቀየራል፤ እጅ ብናወጣም የስክሪኑ መምህር አያየንም፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት እንዳመለጠን ይቀራል።

በአንጻሩ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የዘረጋው የ8028 የስልክ መስመር ገበሬውን አንባቢ ሁን፣ ስማርት ስልክ ግዛ አላለውም፤ ቁጥር እየተጫነ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ስለ እርሻው እንዲሰማ አደረገው። ለማታ ተማሪ ተመሳሳይ መስመር የማይዘረጋበት ምክንያት አይታየኝም። ድምፅ ለሁሉም አይሆንም፤ መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ ቪዲዮ ያስፈልጋል፣ እርሱም ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

እስከዚያው በራሴ ስልክ አጫጭር ትምህርቶችን እየቀዳሁ፣ ዘፈን ከሚጫንበት ሱቅ ወስጄ በተማሪዎቼ ሚሞሪ ላይ አስጭናለሁ። ቅጂው ጥራት የለውም፤ ወደ ፈጣን መንገዱ የሚያቀኑት ከባድ መኪኖች ድምፄን ይውጡታል። ያም ሆኖ የጥበቃ ሠራተኛው ተረኛ በሆነበት ሌሊት በር ላይ ቆሞ የግስ እርባታን ሁለት ጊዜ እንደሰማ ነግሮኛል። ዓይነ ስውሩም ስለ ግሱ ሳይሆን ስለ መኪናዎቹ ብቻ ቅሬታ አቅርቧል።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በሬዲዮ የተላለፉት ትምህርቶች ስቱዲዮ ውስጥ በባለሙያ የተቀረጹ ነበሩ። ቅጂዎቹ ተቀምጠው ከሆነ፣ የያዛቸው ክፍል የት እንደሚገኙና እንዴት እንደሚሰጡ በዚሁ ዓምድ ቢያሳውቀን፣ ሚሞሪዎቹን ሰብስቤ ራሴ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የማታ ትምህርት መምህር፣ ከቱሉ ዲምቱ